ልብ በምን ይረጋል? ስለ ማመንና ስለ መመርመር የቀረበ ትምህርት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላምና እዝነትም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፣ አንባቢ ሆይ፣ አላህ ይዘንልህና እወቅ፤ ይህ ትምህርት ምን ማመን እንደሚገባ የሚናገር አይደለም። ሰው ያመነውን ነገር በምን መንገድ እንዳመነው የሚጠይቅ ነው። ሰው በልቡ የያዘውን ነገር ቢጠየቅ ወዲያው ይናገራል፤ ከየት እንዳገኘውና በምን እንዳጸናው ቢጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፣ አለዚያም ይቆጣል።

ነገሩን ከሩቅ አገር አንጀምረውም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰርቦ በአንድ ቤት ቡና ተፈልቷል እንበል። ጀበናው ከእሳት ወርዷል፤ ሲኒው በረከቦቱ ላይ ተደርድሯል። የቤቱ ባለቤት በማለዳ ወደ ቡና ማሳው ወርዶ ሳለ ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ ጥቁር፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነጥብ አይቷል፤ አንዳንዱም ፍሬ ፈጽሞ ጠቁሮ ከዛፉ ሥር ረግፏል። ይህን ለጎረቤቶቹ ነገራቸው። አንድ ሽማግሌ፣ «የዝናብ ብዛት ነው፤ አባቶቻችንም ይህን አይተዋል፤ ያልፋል» አሉ። ሌላው፣ «ምን እንደ ሆነ ከበላይ እስኪነገረን ድረስ እኛ ምን እናውቃለን?» አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትናንት ወደ ማታ በማሳህ ዳር ያለፈውን ሰው አስብ፤ ዐይኑ ጥሩ አይደለም» አለ። በበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ፣ «ፍሬውን አምጥታችኋል? ልየው» አለ። ስሙ የተነሣው ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

አስተውል። ፍሬው አንድ ሲሆን መልሱ ብዙ ሆነ። ከመልሶቹም መካከል አንዱ በአንድ ሰው ላይ የሚፈርድ ነው። እንግዲህ የአማኝነትን መንገድ መለየት የመድረሳ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በስሕተት የጸና እምነት የጎረቤትን ክብር ሊገፍ፣ የዓመት ልፋትንም ሊያጠፋ ይችላል። አንድ ያልታመነ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ አረጋግጡ የሚለው የሱረቱል ሑጁራት ትእዛዝ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ብትመለከት፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድቶ ኋላ መጸጸት እንዳይመጣ ነው። የመመርመር ግዴታ የተጣለው በሰው ላይ ጉዳት ስለሚደርስ ነው ማለት ነው።

ጥርጣሬ በልብ ውስጥ እንደ እሾህ ነው። ሰው እሾኹን ለማውጣት ይቸኩላል፤ ሲቸኩልም መውጣቱን እንጂ በምን እንደ ወጣ አይመለከትም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1877 ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ የተባለ የአሜሪካ ፈላስፋ እምነት እንዴት እንደሚረጋ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። እንደ እርሱ አባባል ምርመራ ማለት ከጥርጣሬ ለማረፍ የሚደረግ ትግል ነው፤ ሰዎችም ይህን ዕረፍት በአራት መንገድ ይፈልጉታል። አንዱ የያዙትን አጥብቆ ይዞ ሌላውን አለመስማት ነው። አንዱ ሥልጣን ያለው ወገን ያዘዘውን መቀበል ነው። አንዱ ለአእምሮ የተስማማ የመሰለውን መውሰድ ነው። የመጨረሻው የእኛ መውደድና መጥላት ሊለውጠው የማይችለውን፣ ከእኛ ውጭ ያለውን ነገር ራሱን መጠየቅ ነው። ይህ ሰው ከእኛ ሃይማኖት ወገን አይደለም፤ ክፍፍሉ ግን ለያዝነው ነገር የሚጠቅም ስለ ሆነ ወሰድነው።

ከእርሱም ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ በዚሁ ጥያቄ ተጨንቀው ነበር። እኚህ ዐሊም በ450 ዓመተ ሂጅራ በጡስ ተወለዱ፤ በባግዳድ በኒዛሚያ መድረሳ ታላቅ የማስተማር ማዕረግ አገኙ፤ በ488 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1095፣ ያን ማዕረግ ትተው ወጡ። አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል (ከስሕተት አዳኝ) በተባለው መጽሐፋቸው እንደሚተርኩት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ነገር አስደንቋቸው ነበር፤ ይኸውም የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁዳዊ፣ የሙስሊም ልጅም ሙስሊም ሆኖ ማደጉ ነው። ከዚህ በመነሣት ከወላጅና ከመምህር በውርስ የመጣውን በምርመራ ከተገኘው ለመለየት ፈለጉ። ልብ በል፤ ይህን የጻፉት የእስልምና ጠላት አይደሉም፤ «የእስልምና ማስረጃ» የሚል ማዕረግ የተሰጣቸው ሰው ናቸው።

ስለ መጀመሪያው መንገድ ብዙ አንናገርም። የአባቶቻቸውን ልማድ ብቻ ማስረጃ የሚያደርጉትን ቁርኣን በብዙ ስፍራ ይወቅሳል። የሰርቦው ሽማግሌ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተናገሩትም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እውነት ቢሆንም እርሳቸው በምርመራ አላገኙትም። ይህ መንገድ ጎረቤትም እንደ ራሱ አጥብቆ የያዘው ሌላ ነገር እንዳለ እስኪያይ ድረስ ብቻ ይቆማል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ ግን ረዘም ያለ ታሪክ ይገባቸዋል። ታሪኩም አሁን በእጅህ ስላለው ሲኒ ነው።

ቡና ከዚህ ከእኛ ወገን ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ በየመን በሱፍዮች ዘንድ ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት መጠጣት ጀመረ። ከዚያም ወደ መካና ወደ ካይሮ ገባ። በ917 ዓመተ ሂጅራ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1511፣ ኻዒር ቤግ የተባለ የመምሉኮች ሹም በመካ የገበያና የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ፣ ማለት ሙሕተሲብ፣ ነበር። አንድ ሌሊት ከሐረም መስጊድ ሲወጣ በመስጊዱ አንድ ወገን ፋኖስ አብርተው የተሰበሰቡ ሰዎች አየ። ሲቀርባቸው ፋኖሳቸውን አጠፉ። ጠጪዎች በመጠጥ ቤት እንደሚያደርጉት አንድ ነገር እየተቀባበሉ ሲጠጡ ነበርና ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ቡና ነው አሉት።

በማግሥቱ ዑለማዎችን ሰበሰበ። ዑለማዎቹ ሁለት ነገር ለዩ። እንደ ጠጪ ማኅበር መሰብሰብ የተከለከለ ነው አሉ። ስለ ቡናው ስለ ራሱ ግን የተፈጠሩ ነገሮች መሠረታቸው መፈቀድ ነው፤ አካልን ወይም አእምሮን የሚጎዳ መሆኑ ካልታወቀ በቀር አይከለከልም፤ ጉዳቱንም የሚያውቁ ሐኪሞች ናቸው አሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ በጥሩ መንገድ ሄዷል። ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ቀረቡ። ቡና በባሕርዩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ስለዚህ የተመዛዘነውን የሰውነት ባሕርይ ያበላሻል አሉ። ጠጥተነው አእምሯችንን ለወጠው የሚሉ ሰዎችም መሰከሩ። ከዚያም ቡና ተከለከለ፤ በመንገድ ላይ ተቃጠለ፤ የሸጡትና የጠጡት ተደበደቡ። ያልተስማሙ አንድ የመካ ሙፍቲ ነበሩ፤ እርሳቸውም ስድብ ደረሰባቸው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ስብሰባው የምርመራን ልብስ ለብሷል፤ ምሁር አለ፣ ሐኪም አለ፣ ምስክር አለ። ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው? እኔ እንደሚታየኝ ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥያቄውን የጠራው ሹም የሚፈልገው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ በዱላ ፊት የሚሰጥ ምስክርነት የዱላውን እንጂ የነገሩን ባሕርይ አይናገርም። ሁለተኛ፣ ሐኪሞቹ «ቀዝቃዛና ደረቅ» ያሉት ጠጪውን ተከታትለው አይደለም። በዚያ ዘመን ሕክምና ሁሉ ነገር በሙቀትና በቅዝቃዜ፣ በእርጥበትና በድርቀት ይመደብ ነበርና ቡናም አንድ ቦታ ማግኘት ነበረበት። ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ በዚያው ሥርዓት ቡና ሞቃትና ደረቅ ነው ይሉ ነበር። ያ ሥርዓት ለአእምሮ እጅግ የሚያምር ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች ሲጣሉ ግን ከመካከላቸው ማን እንደ ተሳሳተ ሊነግራቸው አልቻለም። ይህ ነው የሦስተኛው መንገድ በሽታ።

ጉዳዩ ለካይሮው ሱልጣን ለቃንሱህ አል-ገውሪ ተጻፈ። ከካይሮ የመጣው ትእዛዝ መጥፎውን ስብሰባ ከለከለ፤ ቡናን ግን ፈጽሞ ሐራም አላደረገም። በሚቀጥለው ዓመት ኻዒር ቤግ ተሻረ። ሥልጣን ያጸናው እምነት ሥልጣን ሲለወጥ ተለወጠ፤ በመካም ቡና እንደገና ይጠጣ ጀመር። ይህን ሁሉ የምናውቀው በ16ኛው ምዕተ ዓመት በጻፈው በዐብዱልቃድር አል-ጀዚሪ በኩል ነው። እርሱ ራሱ ቡና ሐላል ነው ብሎ የሚሟገት ስለ ነበር፣ ስለ ኻዒር ቤግ የሚለውን ስታነብ ይህንም አትርሳ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1530ዎቹ፣ በካይሮ ሌላ ነገር ተነሣ። አሕመድ ኢብን ዐብዱልሐቅ አስ-ሱንባጢ የተባሉ ሰባኪ ቡና ሐራም ነው ብለው አስተማሩ፤ ሕዝቡም ተነሣሥቶ በቡና ቤቶች ላይ ጥቃት አደረሰ። ከተማው በሁለት ተከፈለ። ነገሩ ወደ ቃዲው ወደ ሙሐመድ ኢብን ኢልያስ አል-ሐነፊ ቀረበ። ቃዲው ከዑለማዎች ጋር ከተመካከሩ በኋላ ማንም ያላደረገውን አደረጉ። በገዛ ቤታቸው ቡና አስፈሉ። ሰዎችን አስቀምጠው አጠጡ። ከዚያም የቀኑን አብዛኛውን ክፍል አብረዋቸው እየተነጋገሩ ተቀመጡ፤ ንግግራቸው ይደናገር እንደ ሆነ፣ አእምሯቸው ይናወጥ እንደ ሆነ ይመለከቱ ነበር። ምንም አላዩም። ስለዚህ መፈቀዱን አጸኑ።

የዚህን ሥራ ክብደት ለማየት የፊቅህ ሊቃውንት ተሕቂቁል መናጥ የሚሉትን ማወቅ ይጠቅማል። ሕጉ የሚያሰክር ነገር ሁሉ የተከለከለ ነው ይላል፤ ይህ በወሕይ የተሰጠ ነው፤ በሲኒ አይፈተንም። ነገር ግን ይህ በፊቴ ያለው ፈሳሽ የሚያሰክር ነውን? ይህን ቁርኣንም ሐዲስም በስሙ ጠርተው አልነገሩንም። የሕጉ ምክንያት በዚህ ነገር ላይ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ የዐይንና የጆሮ፣ የፈተናም ሥራ ነው። በመካ የተሰበሰቡት ሕጉን ያውቁ ነበር፤ ያልመረመሩት ሲኒውን ነው። የካይሮው ቃዲ ሕጉን በስፍራው ትተው ነገሩን ጠየቁት።

የቃዲው ፈተና ጉድለት አልነበረውም አንልም። አንድ ቀን ነው፤ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ቢጠጣው ምን እንደሚሆን አያሳይም። ነገር ግን ከሹሙ ትእዛዝ የሚለየው አንድ ታላቅ ነገር አለው። በደማስቆ ያለ ሌላ ቃዲ ቢጠራጠር በቤቱ አስፈልቶ ራሱ ሊያየው ይችላል፤ ስሕተት ቢኖርበትም በዚያው መንገድ ስሕተቱ ሊገለጥ ይችላል። የኻዒር ቤግን ትእዛዝ ግን መፈጸም ወይም መጣስ እንጂ ደግሞ መፈተን አይቻልም ነበር።

እንዲህ የሚል ቢኖር፦ «በሃይማኖት ሰው ዘንድ የታላላቆች ቃል ይበቃል፤ ፈተና ምን ያደርጋል?» መልሱ በሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ በተዘገበው በተምር ዛፎች ታሪክ አለ። ነቢዩ (የአላህ ሰላምና እዝነት በእርሳቸው ላይ ይሁን) የመዲና ሰዎች የወንዱን ዛፍ አበባ በሴቲቱ ላይ ሲያደርጉ አዩ፤ ባይደረግም ጉዳት ያለው እንደማይመስላቸው ተናገሩ። ሰዎቹ ተዉት፤ በዚያም ዓመት ፍሬው ተበላሸ። በተነገራቸው ጊዜ በዚህ ዓለም ሥራ ሰዎቹ የበለጠ አዋቂ መሆናቸውን ገለጡ፤ ከአላህ ዘንድ በሚያመጡት ትእዛዝና በራሳቸው ግምት መካከልም ልዩነት አደረጉ። ከፍጡር ሁሉ የላቀ ሥልጣን ያላቸው እርሳቸው ስለ ዛፉ ዛፉ እንዲመሰክር ከፈቀዱ፣ ከእርሳቸው በታች ያለ ሹም ወይም ምሁር ቃሉ ከዛፉ እንዲበልጥለት ሊጠይቅ እንዴት ይገባዋል? የእኛም አገር ሰው ኑሮው በዛፍ ላይ ነውና ይህ ሐዲስ ከሌላው ይልቅ ለእርሱ የቀረበ ነው።

ደግሞም እንዲህ የሚል ቢኖር፦ «እኔ በካይሮ አልነበርሁም፤ ገዛሊንም አላየሁም፤ አንተም አልነበርህም። ይህን ሁሉ ያመንኸው በሰው ቃል ነው፤ ታዲያ ከሁለተኛው መንገድ በምን ተለየህ?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉም አያልፍም። አዎን፣ የሰው እውቀት አብዛኛው ከሌላ የተሰማ ነው። ሁሉን በዐይኔ አያለሁ የሚል ሰው አያቱን እንኳ አያውቅም። ልዩነቱ የተሰማው ነገር በር የተከፈተለት ወይስ የተዘጋበት መሆኑ ላይ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ቡኻሪ፣ ቃሉን ብቻ አልተቀበሉም፤ ማን ከማን ሰማ፣ ተገናኝተዋልን፣ በአንድ ዘመን ኖረዋልን፣ ማስታወሱ ጽኑ ነውን እያሉ ኢስናዱን አንድ በአንድ ይፈትሹ ነበር። እንዲህ ያለ ማመን ጆሮን ከፍቶ ዐይንንም ሳይጨፍኑ ነው።

ይህን መለኪያ በራሳችን ላይ እናድርገው። ካልዲ የተባለ የፍየል እረኛ በከፋ ምድር ፍየሎቹ ሲዘሉ አይቶ ቡናን አገኘ የሚለውን ታሪክ ያልሰማ ሰው የለም፤ በቡና ማሸጊያ ላይ ሳይቀር ይታያል። ኢስናዱ ወዴት ያደርሳል? በጽሑፍ የሚታወቀው ቀደምት ዘገባ በ1671 በሮም ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ የማሮን ወገን ምሁር ያሳተመው ነው። በዚያም ዘገባ ውስጥ ካልዲ የሚባል ስም የለም፤ ቦታውም ከፋ ሳይሆን የመን ነው፤ እንስሶቹም ግመሎች ወይም ፍየሎች ናቸው ተብሎ በጥርጣሬ ተነግሯል። ስሙና አገሩ ኋላ የተጨመሩ ናቸው። ይህን ስናገር ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ታሪኩ ለእኛ የሚጠቅም ነውና። ነገር ግን ለጠላት ወሬ የምንጠይቀውን ኢስናድ ለወዳጅ ወሬ ካልጠየቅን የመረመርነው ወሬውን ሳይሆን ስሜታችንን ነው።

አል-ጀዚሪ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። ቡናን ወደ የመን ማን አስገባው ለሚለው ሁለት ዘገባ አገኘ። አንዱ የዐደኑ ሙፍቲ አዝ-ዘብሓኒ ከባሕር ማዶ፣ ከአፍሪቃ ወገን፣ ልማዱን አይተው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ሲታመሙ ጠጥተውት ጥቅሙን እንዳገኙ ይናገራል። ሌላው ዘገባ መጀመሪያውን ለሙካው ሸይኽ ለአሽ-ሻዚሊ ይሰጣል። ጀዚሪ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን አላስቀረም፤ ሁለቱንም ከነባለቤቶቻቸው ጻፈ። ይህ ለአንባቢው ያለውን አክብሮት ያሳያል።

ኢስናዱ ደካማ ሆኖ ሳለ ግን የቡና አገር የት ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኝቷል፤ መልሱም የመጣው ከእረኛ ተረት ሳይሆን ከዛፉ ነው። በ1753 ካርል ሊኒየስ የተባለው የስዊድን የዕፅዋት ሊቅ ቡና የዐረብ ነው ብሎ ኮፊያ አረቢካ የሚል ስም ሰጠው። ለእርሱ ዘመን ሰዎች ይህ ግልጽ ነበር፤ ወደ አውሮፓ የሚመጣው ቡና ከሙካ ወደብ ይጫን ነበርና። ኋላ ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ ማንም ያልተከለው ቡና በብዙ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ በየመን ያለው ደግሞ በባሕርዩ እጅግ የተቀራረበ ነው። ነገሩ በዘር ምርመራ ሲታይ ይህ ዓይነት ቡና ከሌሎች ሁለት የቡና ዓይነቶች መዳቀል እንደ ተገኘ ታወቀ፤ እነዚህም ሮቡስታ የሚወጣበት ካኔፎራና ዩጄንዮይዲስ የሚባሉት ናቸው። የስዊድኑ ሊቅ ክብሩ ሳይነካ እምነቱ ወደቀ፤ ስሙ አረቢካ ግን እስከ ዛሬ ቀርቷል።

አሁን ወደ ኢማም ገዛሊ ልመልስህ፤ እስካሁን የተናገርነውን የሚያናውጥ ነገር ጽፈዋልና። ዐይንን እመን ካልን ዐይን ራሱ ያታልላል። ጥላ የቆመ ይመስላል፤ ቆይተህ ስታየው ግን ሄዷል። ኮከብ የዲናር ያህል ይታያል፤ የሒሳብ ማስረጃ ግን ከምድር እንደሚበልጥ ያሳያል። ስለዚህ በስሜት ሕዋሳት ላይ ተጠራጠሩ። ከዚያም፣ ዐይንን አእምሮ ከዳኘው አእምሮን የሚዳኝ ሌላ ዳኛ ከእርሱ በላይ ቢኖርስ ብለው በአእምሮም ተጠራጠሩ። ሁለት ወር ያህል በዚህ ደዌ ቆዩ። የወጡትም፣ እንደ ራሳቸው ቃል፣ በክርክር ሳይሆን አላህ በልባቸው በጣለው ብርሃን ነው።

ከዚህ ምን እንይዛለን? አንዳንዶች ምርመራ ከንቱ ነው የሚለውን ይይዛሉ። እኔ ግን እንዲህ አላነበብሁትም። ጥላው መንቀሳቀሱን ገዛሊ ያወቁት ቆይተው በማየት ነው፤ ዐይንን ያረመው የታገሠ ዐይንና ሒሳብ ናቸው። በዚያው መጽሐፍ፣ ፀሐይና ጨረቃ የሚጨልሙበትን ምክንያት በሒሳብ የሚያስረዱትን ሰዎች በሃይማኖት ስም የሚክድ ሙስሊም ሃይማኖቱን የሚጎዳ አላዋቂ ወዳጅ ነው ብለዋል። የማይሳሳት ኢማም አለን፤ ከእርሱ ብቻ ተማሩ የሚሉትን የባጢኒያ ወገኖችም ተከራክረዋቸዋል። ብርሃኑ የአእምሮን መሠረት መለሰላቸው፤ ከመመርመር ግን አላሰናበታቸውም።

አሁን ሲኒው ወደ ሦስተኛው፣ በረካ ወደሚባለው ደርሷልና ወደ ሰርቦው ቤት እንመለስ።

ዐይን እውነት መሆኑ በሐዲስ የመጣ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ዐይን መኖሩ ይህን ፍሬ ያጠቆረው የዚህ ሰው ዐይን መሆኑን አያስረዳም፤ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም መሆኑ ቡና የሚያሰክር መሆኑን እንዳላስረዳ ሁሉ። ሦስተኛው ሰው የዘነጋው ይህን ነው። ከአጠቃላይ እውነት ወደ አንድ ሰው ሲወርድ በመካከል ያለውን መሰላል ዘለለ፤ በዚያም ባዶ ቦታ ላይ አንድ ጎረቤት ወደቀ።

ፍሬውን ልየው ያለው ልጅ ሊያውቀው የሚችለው ነገር አለ። ይህ በሽታ በ1922 በኬንያ የታወቀ ነው፤ የሚያመጣውም በዐይን የማይታይ የሻጋታ ዓይነት ነው፤ ብርድና ርጥበት ባለበት ይበረታል፤ በአረንጓዴው ፍሬ ላይ የሰረጎደ ጥቁር ነጥብ አውጥቶ ያረግፈዋል። ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ታወቀ። እንግዲህ ዝናብ ነው ያሉት ሽማግሌ ግማሹን አይተዋል፤ ዝናብ በሽታውን ያበረታዋል፤ ያልፋል ያሉት ግን ስሕተት ነበር። አላለፈም።

ያን ጊዜ የተደረገውን ብትሰማ የካይሮውን ቃዲ ያስታውስሃል። በጅማ አጠገብ መልኮ በሚባለው ስፍራ ያለው የግብርና ምርምር ጣቢያ ሠራተኞች በየጫካውና በየማሳው ዞረው፣ ሁሉ በጠቆረበት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈለጉ። ነገር ግን ጤነኛ ሆኖ መገኘት ብቻ አልበቃቸውም፤ በሽታው በአጋጣሚ አልደረሰበትም ይሆናልና። ዘሩን ወስደው ችግኝ አወጡ፤ የሻጋታውን ዘር በውኃ በጥብጠው ሆን ብለው በችግኙ ላይ አደረጉ፤ የሚሞተውንና የሚተርፈውንም ቆጠሩ። በገበሬዎች ዘንድ በቁጥራቸው የሚጠሩት 74110 እና 74112 የተባሉት ቡናዎች በዚህ መንገድ የተገኙ ናቸው። ከመቱ አካባቢ የተወሰዱ ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን የ1974ን ዓመት ያመለክታሉ። አንድን ዛፍ ጠንካራ ነው ለማለት የማንም ማዕረግ አልተጠየቀም፤ ደካማ ነው ብሎ የሚጠራጠር ሰው ቢኖርም ያንኑ ሻጋታ በዚያው ችግኝ ላይ አድርጎ ማየት ይችል ነበር።

ሁለተኛው ሰው፣ ከበላይ እስኪነገረን ያለው፣ እዚህ ላይ «አየህ፣ ከበላይ መጠበቅ ይሻል ነበር» ይላል። ጥያቄው ግን የበላዩ እንዴት አወቀ የሚለው ነው። የመልኮ ሰዎች ያወቁት ከእነርሱም በላይ ያለ ሹም ነግሯቸው አይደለም፤ በማሳ ውስጥ በበሽተኞች መካከል የቆመውን ዛፍ አይተው፣ ከዚያም ፈትነው ነው። ያንን ዛፍ ለማየት የገበሬው ዐይን ከማንም የቀረበ ነው።

ልጁ የመጨረሻውን ሲኒ ሳይጠጣ ከባለቤቱ ጋር ወደ ማሳው ወረደ። ጥቂት የጠቆሩ ፍሬዎች ለቅሞ በቢላ ሰነጠቀ፤ የትኛው ዛፍ እንደ ተጎዳ፣ የትኛው እንደ ተረፈ እየዞረ ተመለከተ። ከዚያም አጥሩን አልፎ፣ ትናንት በዚያ አልፏል ወደ ተባለው ሰው ማሳ ገባ። በዚያም ፍሬው ጠቁሮ ረግፎ ነበር።